የባዝ ከተማ ፍል ውኃና የእርሳስ ሽባዎች

በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ የምትገኘውን የባዝን ከተማ ለማየት የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያመራው ሮማውያን ወደ ሠሩት ታላቅ ገንዳ ነው። አረንጓዴው ውኃ እንፋሎቱን እየሰደደ ከፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ እንዳይታጠብበት ብቻ ሳይሆን እንዳይነካውም ይነገረዋል። ዋናው ምንጭ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ ውኃ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ያፈልቃል። የገንዳው ወለል የተለበጠው በእርሳስ ዝርግ ነው። ሮማውያን የሰረቋቸውን ሌቦች የሚረግሙበትን ጽሑፍ በስስ የእርሳስ ቅጠል ላይ እየጫሩ ወደ ምንጩ ይጥሉም ነበር። ይህ ብረት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በዚያችው ከተማ የሕክምና ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዝ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለችም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በዚህችው ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ነበር። ስሟ ከሁሉ የገነነው ግን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ባለጸጎች ጧት ይታጠባሉ፤ ከዚያ ውኃውን በብርጭቆ ይጠጣሉ፤ ማታ ይጨፍራሉ፤ ቁማርም ይጫወታሉ። የመዝናኛውን ሥርዓት ያወጣው ሪቻርድ ናሽ ሲሆን፣ በሐኪሞቹ መካከል ዝነኛው ዶክተር ዊልያም ኦሊቨር ነበር። ኦሊቨርን ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በስሙ በሚጠራው ብስኩት ነው፤ ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ናሽና ኦሊቨር ከሌሎች በጎ አድራጊዎች ጋር በ1738 ለድሆች የሚሆን ሆስፒታል መሠረቱ፤ በ1742ም በሽተኞችን መቀበል ጀመረ። የሚገቡት ከባዝ ከተማ ውጭ የመጡ ድሆች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በሽተኛ ለመመለሻው ወይም ለመቀበሪያው የሚሆን ገንዘብ ማስያዝ ነበረበት። የሆስፒታሉ ትልቁ ውለታ መዝገቡ ነው። ማን እንደ ዳነ፣ ማን እንደ ተሻለው፣ ማን እንዳልተለወጠ፣ ማን እንደ ሞተ ተጽፏል። ባለጸጋው ታካሚ ግን ድኖም ሳይድን ወደ ርስቱ ይመለስ ስለ ነበር እንዲህ ያለ ቆጠራ አልተደረገለትም።

ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ እጃቸው ከአንጓው ላይ ወድቆ የተንጠለጠለ ሽባዎች ነበሩ። በ1761 ዊልያም ሆር የሣለው ሥዕል ኦሊቨርንና የቀዶ ሕክምና ባለሙያውን ፒርስን ሽባ፣ ቁርጥማት የያዘውና የቆዳ ሕመምተኛ ሲመረምሩ ያሳያል። ሽባነቱ የእርሳስ መመረዝ ውጤት ነበር። ሰለባዎቹ ቀለም ቀቢዎችና የቧንቧ ሠራተኞች፣ እንዲሁም የፖም ጠጅ ጠጪዎች ነበሩ፤ በዴቨን አውራጃ የነበረው ብርቱ የሆድ ቁርጠት ከመጥመቂያው ዕቃ ወደ ጠጁ ከሚገባው እርሳስ እንደሚመጣ ዶክተር ጆርጅ ቤከር በ1767 አስረድቷል። በመዝገቡ መሠረት ከእነዚህ ሽባዎች ብዙዎቹ ድነዋል ወይም ተሽሏቸዋል።

ምክንያቱ የኋላ ሐኪሞችን አከራክሯል። ለወራት ከሥራቸውና ከጠጃቸው ተለይተው መኖራቸው ብቻውን ጥቅም እንደ ነበረው አይካድም። ሆኖም በ1985 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ሌላ ነገር አመለከተ። ጤነኛ ፈቃደኞች በባዝ ውኃ ውስጥ ተቀምጠው እስከ አንገታቸው ሲነከሩ፣ የውኃው ግፊት ደማቸውን ከእግር ወደ ደረት ስለሚገፋው ልባቸው አብዝቶ ረጨ፤ ኩላሊታቸውም ብዙ ሽንት አወጣ። በተራ የቧንቧ ውኃም ውጤቱ ያው ነበር። በሽንት የሚወጣው እርሳስም በመነከር እንደሚጨምር ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምርምር ታይቷል። እንግዲህ ባለጸጎቹ በብርጭቆ ሲጠጡት የኖሩት ማዕድን ለፈውሱ ያን ያህል ድርሻ አልነበረውም ማለት ነው፤ የድሆቹ ረጅም መነከር ግን ሥራ ሠርቷል።

በ1978 በባዝ ውኃ የዋኘች ልጅ ኔግሌሪያ ፋውለሪ የተባለች አሜባ አንጎሏን አጥቅታ ስለ ገደለቻት ገንዳዎቹ ተዘጉ። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ንጹሕ ውኃ የሚጠቀመው አዲሱ መታጠቢያ የተከፈተው በ2006 ነው። ዛሬ ጎብኚ ከፍሎ በሰገነቱ ገንዳ እስከ አንገቱ ተነክሮ ከተማዪቱን ይመለከታል። የድሆች የነበረው ሆስፒታል የቁርጥማት በሽታዎች ሕክምና ማዕከል ከሆነ ቆይቶ ነበር፤ በ2019 አሮጌ ሕንፃውን ለቅቆ ወደ ከተማዪቱ ጠቅላላ ሆስፒታል ግቢ ተዛውሯል።