ፔስኒያሪ (የሙዚቃ ቡድን)

ፔስኒያሪ እ.ኤ.አ. በ1969 በሚንስክ ከተማ የተመሠረተ የቤላሩስ የሙዚቃ ቡድን ነው። የቤላሩስን የገጠር ዘፈኖች ከሮክ ሙዚቃ ጋር በማዋሐድ በመላው ሶቪዬት ኅብረት ዝናን ያተረፈ ሲሆን፣ በዚያች አገር የፎክ ሮክ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት ቡድኖች አንዱ ነው። መሥራቹና ለሠላሳ ዓመታት ያህል የጥበብ መሪው ጊታር ተጫዋች፣ ዘፋኝና የዜማ ደራሲ የነበረው ቭላዲሚር ሙልያቪን (1941–2003) ነው። ቡድኑ በሩሲያኛም ቢዘፍንም ዋና ዋና ሥራዎቹ በቤላሩስኛ የተዘፈኑ ናቸው። ቤላሩስኛ ከከተማ ኑሮ እየራቀ በሄደበት ዘመን ሚሊዮኖች ቋንቋውን የሰሙት በእነዚህ ዘፈኖች አማካይነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አመሠራረት

ሙልያቪን በትውልዱ ቤላሩሳዊ አልነበረም። የተወለደው በጥር 1941 በኡራል ተራሮች አካባቢ በምትገኘው የሩሲያ ከተማ ስቬርድሎቭስክ (የዛሬዋ የካተሪንቡርግ) ነው። በትውልድ ከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ የነበረ ቢሆንም ትምህርቱን አልጨረሰም። በተለያዩ ከተሞች በሙዚቀኛነት ከሠራ በኋላ በ1963 ወደ ሚንስክ መጥቶ በቤላሩስ ፊልሃርሞኒክ ተቀጠረ። ፊልሃርሞኒክ በሶቪዬት ሥርዓት ሙዚቀኞችን በደመወዝ ቀጥሮ የሙዚቃ ትርዒት የሚያዘጋጅ የመንግሥት ድርጅት ነው። የውትድርና ግዳጁንም በሚንስክ አቅራቢያ ፈጸመ። ከዚያም ጊዜ ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ኑሮውን በቤላሩስ አደረገ።

ከውትድርና መልስ ሙልያቪን በፊልሃርሞኒኩ ውስጥ ዘፋኞችን የሚያጅብ አነስተኛ የሙዚቃ ጓድ አሰባሰበ። በውስጡ ከነበሩት መካከል ወንድሙ ቫሌሪ ሙልያቪን፣ የሳክስፎንና የዋሽንት ተጫዋቹ ቭላዲስላቭ ሚሴቪች፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሌኦኒድ ቲሽኮ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ ቫሌሪ ያሽኪንና የድራም ተጫዋቹ አሌክሳንደር ዴሜሽኮ ይገኙበታል። ይህ አጃቢ ጓድ በ1969 «ልያቮኒ» በሚል ስም ራሱን የቻለ ቡድን ሆነ።

በ1970 ቡድኑ በሞስኮ በተካሄደው አራተኛው የመላው ሶቪዬት የመድረክ አርቲስቶች ውድድር ለመካፈል ሲዘጋጅ ስሙን ወደ «ፔስኒያሪ» ለወጠ። በውድድሩ ሁለተኛ ደረጃን ከሌሎች ጋር ተጋርቶ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና የመንግሥቱ የሸክላ አሳታሚ ድርጅት «ሜሎዲያ» በሩን ከፈቱለት። የመጀመሪያው ረጅም ሸክላው በ1971 ታተመ።

ስያሜ

«ፔስኒያር» በቤላሩስኛ የሕዝቡን ኑሮና ስሜት በግጥምና በዜማ የሚገልጽ ባለቅኔ ማለት ሲሆን፣ «ፔስኒያሪ» የቃሉ ብዙ ቁጥር ነው። ቃሉ በተለይ ለሁለቱ ታላላቅ የአገሪቱ ገጣሚዎች፣ ለያንካ ኩፓላና ለያኩብ ኮላስ፣ የክብር መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። ስሙ ስለዚህ ቡድኑን ከሌሎች የዘመኑ የወጣት ቡድኖች ለይቶ ከሥነ ጽሑፉ ጋር አስተሳሰረው። ቡድኑም በኋላ የእነዚሁን ገጣሚዎች ሥራዎች ወደ መድረክ አምጥቷል።

የሙዚቃ ስልት

በ1960ዎቹ መጨረሻ በሶቪዬት ኅብረት «ሮክ» የሚለው ቃል በባለሥልጣናት ዘንድ አይወደድም ነበር። ስለዚህ በመንግሥት ሥር የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ጊታር ቡድኖች «የድምፅና የመሣሪያ ቡድን» በሚል ስያሜ ይመዘገቡ ነበር። የሚዘፍኑት ዘፈን ሁሉ በጥበብ ምክር ቤት ታይቶ ይጸድቃል። የባህል ዘፈን ግን በጥርጣሬ የማይታይ በመሆኑ አዳዲስ የሙዚቃ አሠራሮችን ለመሞከር ሰፋ ያለ ዕድል ይሰጥ ነበር።

የፔስኒያሪ ስልት በሦስት ነገሮች ይታወቃል። የመጀመሪያው የድምፅ ስምምነት ነው። አባላቱ በተለያየ የድምፅ ከፍታ በአንድነት ሲዘፍኑ የቤላሩስ ገጠር የኅብረት አዘፋፈንና የቢትልስ ዓይነት የድምፅ ቅንብር ባንድነት ይሰማሉ። ሁለተኛው የመሣሪያዎቹ ስብጥር ነው። ከኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከኦርጋንና ከድራም ጎን ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ በትንንሽ መዶሻዎች የሚመታው ባለ ብዙ አውታር ጽምባሊ እንዲሁም በመዘውር የሚሽከረከር ጎማ አውታሩን እየፈተገ ድምፅ የሚያወጣው ሊራ ገብተዋል። ሦስተኛው የሙልያቪን የቅንብር ዘዴ ነው። አንድን አጭር የገጠር ዜማ ይወስድና መግቢያ፣ የመሣሪያ ምልልስና የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ጨምሮ እንደ ትንሽ ድራማ ያዋቅረዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው «ያስ ማገጥ ሲያጭድ» የተሰኘው የሕዝብ ዘፈን ነው። ያስ የተባለ ወጣት ለከብት መኖ የሚሆን ማገጥ እያጨደ ዓይኑን በአንዲት ልጃገረድ ላይ ይጥላል፤ ሥራውን ትቶም እናቱን ስለ ትዳር ያማክራታል። የእናትና የልጅ ምልልሱ ቀልድ የተሞላበት ነው። ቡድኑ ይህንን በፈጣን ምትና በድምፅ ጨዋታ አቀናብሮ ካቀረበው በኋላ ዘፈኑ መለያው ሆነ። በተቃራኒው «ድርጭቷ» የተሰኘው የሕዝብ ዘፈን በኀዘንና በዝግታ የሚዘፈን ነው።

የቋንቋው ጉዳይ

በ1970ዎቹ በቤላሩስ ከተሞች ትምህርት፣ የቢሮ ሥራና የዕለት ተዕለት ንግግር በአብዛኛው በሩሲያኛ ነበር። ቤላሩስኛ የገጠር ሰዎች ቋንቋ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ወደ ከተማ የሚፈልሱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በሩሲያኛ ያሳድጉ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው የፔስኒያሪ አባላት በጥልፍ ያጌጠ የባህል ልብስ ለብሰው በሞስኮ ቴሌቪዥን በቤላሩስኛ የዘፈኑት። ቋንቋውን የማይናገሩ የሳይቤሪያ፣ የካውካሰስና የማዕከላዊ እስያ አድማጮች ሳይቀሩ ዘፈኖቹን በቃላቸው ያዙ።

ይህ ግን የቋንቋውን ይዞታ በራሱ አልቀየረውም። ቤላሩስኛ በመድረክ ላይ በክብር ሲደመጥ፣ ከመድረኩ ውጭ የሚናገረው የከተማ ሰው እየቀነሰ መሄዱ ቀጠለ። ቡድኑን የሚያደንቁ ሰዎች ለብዙ ቤላሩሳውያን የቋንቋቸውን ውበት ያስታወሰ ነው ሲሉት፣ የሶቪዬት መንግሥት ደግሞ የሕዝቦች ወዳጅነት ማሳያ አድርጎ አቅርቦታል። ሁለቱም አስተያየቶች ስለ አንድ ቡድን የተነገሩ ናቸው።

የዝና ዘመን

በ1970 የተቀላቀለው ሌኦኒድ ቦርትኬቪችና በቀጣዩ ዓመት የመጣው አናቶሊ ካሼፓሮቭ የቡድኑ ታዋቂ ድምፆች ሆኑ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቫሌሪ ዳይኔኮ ተጨመረ። የሙልያቪን ወንድም ቫሌሪ በ1973 በያልታ ከተማ ሕይወቱ አለፈ።

ቡድኑ ከሕዝብ ዘፈኖች ጎን ለጎን የሶቪዬት ደራሲዎችን ዜማዎች አቅርቧል። የቤላሩሱ የሙዚቃ ደራሲ ኢጎር ሉቼኖክ «አሌሲያ» እና «ቬሮኒካ» የተባሉትን ዘፈኖች ሰጥቶታል። አሌክሳንድራ ፓህሙቶቫ በኒኮላይ ዶብሮንራቮቭ ግጥም የደረሰችው «የቤሎቬዥ ደን» በቤላሩስና በፖላንድ ድንበር ላይ ስለሚገኘው፣ የአውሮፓ ጎሽ መኖሪያ ስለሆነው ጥንታዊ ደን ይናገራል። በ1976 ደግሞ «ቮሎግዳ» የተባለው በሩሲያኛ የተዘፈነ ሥራ በመላ አገሪቱ ተወዳጅ ሆነ። ዜማውን በ1950ዎቹ የደረሰው ቦሪስ ሞክሮውሶቭ ሲሆን ዘፈኑ ሰፊ ዝና ያገኘው በፔስኒያሪ ነው።

በ1976 መጨረሻ ቡድኑ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ተጉዞ «ኒው ክሪስቲ ሚንስትረልስ» ከተባለው የአሜሪካ የባህል ዘፈን ቡድን ጋር በደቡባዊ ግዛቶች ትርዒት አሳየ። በአሜሪካ የሙዚቃ ጉዞ ያደረገ የመጀመሪያው የሶቪዬት የድምፅና የመሣሪያ ቡድን መሆኑ ይነገራል። በ1977 የሌኒን ኮምሶሞል ሽልማት ተሰጠው። ቦርትኬቪች በ1978 የአራት የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት የሆነችውን የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ኦልጋ ኮርቡትን ያገባ ሲሆን፣ በ1980 ከቡድኑ ለቀቀ።

ረጃጅም ሥራዎች

ሙልያቪን በአጫጭር ዘፈኖች ብቻ አልተወሰነም። በ1976 በያንካ ኩፓላ ግጥም ላይ የተመሠረተውን «የዕጣ ፈንታ ዘፈን» አቀረበ። ሥራው የአንድን ገበሬ ሕይወት ከልደት እስከ ሞት የሚያሳይ ሮክ ኦፔራ ነው። ተመልካቹ የለመደውን ተወዳጅ ዘፈን ሲጠብቅ የድህነትና የሞት ታሪክ ቀረበለት።

ሁለተኛው «ጉስልያር» ኢጎር ሉቼኖክ የደረሰው ሲሆን በ1980 በሸክላ ወጣ። መነሻው ኩፓላ በ1910 የጻፈው «ኩርጋን» (የመቃብር ጉብታ) የተባለው ግጥም ነው። በታሪኩ አንድ መስፍን ለልጁ ሰርግ ሽማግሌ ባለ ጉስሊ ያስጠራል። ጉስሊ በጣት የሚመታ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። መስፍኑ እንዲያወድሰው ወርቅ ቃል ቢገባለትም ሽማግሌው ስለ ሕዝቡ መከራ ይዘፍናል፤ በዚህም ከነመሣሪያው በሕይወቱ ይቀበራል። በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር ቡድን ለገዥ አላጎበድድም ስላለ ዘፋኝ የሚናገረውን ይህንን ሥራ ማቅረቡ በተቺዎች ዘንድ ትኩረት ስቧል።

በ1985 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት 40ኛ ዓመት ሲከበር ሙልያቪን በጦርነት ግጥሞች ላይ የተመሠረተ «በጦርነቱ ሁሉ መካከል» የሚል ዝግጅት አቀረበ። በ1991 ደግሞ የገጣሚው ማክሲም ባህዳኖቪች 100ኛ የልደት ዓመት ሲታሰብ «የአበባ ጉንጉን» የተባለው ዝግጅት ቀረበ። ሙልያቪን በዚሁ ዓመት «የሶቪዬት ኅብረት የሕዝብ አርቲስት» የሚለውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ።

ከሶቪዬት ኅብረት መፍረስ በኋላ

ማዕረጉን የሰጠችው አገር በታኅሣሥ 1991 ፈረሰች። የሩሲያ፣ የዩክሬንና የቤላሩስ መሪዎች የፈረሙት ስምምነት የተፈረመው ቡድኑ በዘፈነለት በዚያው በቤሎቬዥ ደን ውስጥ ነው። ከባልቲክ እስከ ፓስፊክ የነበረው የሙዚቃ ጉዞ መስመር በአዳዲስ ድንበሮች ተቆራረጠ፤ የፊልሃርሞኒኮቹም በጀት ተመናመነ። ካሼፓሮቭና ቦርትኬቪች ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከዚህ ዘመን ሥራዎች መካከል በኩፓላ ግጥም ላይ ኦሌግ ሞልቻን የደረሰው «ጸሎት» በሰፊው ይታወቃል።

በ1998 በቡድኑ ውስጥ የአመራር ውዝግብ ተነሣ። ዳይሬክተርነቱ ከመሥራች አባላት አንዱ ለሆነው ለሚሴቪች ተሰጠ፤ ሙልያቪን ለፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ሉካሼንኮ አቤት ብሎ ወደ መሪነቱ ተመለሰ። ሚሴቪችን፣ ዳይኔኮን ጨምሮ አብዛኞቹ ነባር ሙዚቀኞች ለቀው «የቤላሩስ ፔስኒያሪ» የተባለ አዲስ ቡድን አቋቋሙ። ሙልያቪን ወጣት ሙዚቀኞችን ቀጥሮ ሥራውን ሲቀጥል ቦርትኬቪችም ተመልሶ ተቀላቀለው።

የሙልያቪን ሞትና የስሙ ጥያቄ

በግንቦት 2002 ሙልያቪን በሚንስክ አቅራቢያ በመኪና አደጋ አከርካሪው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ለወራት ከታከመ በኋላ ጥር 26 ቀን 2003 በሞስኮ በ62 ዓመቱ አረፈ፤ በሚንስክም ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ ከአንድ በላይ ቡድኖች በዚሁ ስም ወይም በተቀራራቢው መሥራት ጀመሩ። የቤላሩስ መንግሥት «ፔስኒያሪ» የተባለ የመንግሥት ቡድን አደራጀ፤ ቦርትኬቪች በ2021 እስኪሞት ድረስ የራሱን ቡድን መራ፤ በ1998 የወጡትም በየፊናቸው ቀጠሉ። ሁሉም የሚጫወቱት በአብዛኛው ሙልያቪን ያቀናበራቸውን ዘፈኖች ነው። ክርክሩ ስሙ የፊልሃርሞኒኩ ነው፣ የመሥራቹ ነው ወይስ ዘፈኖቹን በድምፃቸው ያስተዋወቁት ሙዚቀኞች ነው የሚል ነው። በሶቪዬት ዘመን ቡድኑ የመንግሥት ድርጅት አካል ስለነበር ጥያቄው ያኔ አልተነሣም።

ቅርስ

በሚንስክ አንድ ጎዳና «የሙልያቪን ቡልቫር» ተብሎ ተሰይሟል። ኩፓላንና ባህዳኖቪችን በትምህርት ቤት ያላነበቡ ብዙ ሰዎች ግጥሞቻቸውን የሚያውቁት በፔስኒያሪ ዜማ ነው። በኋላ የመጡ የቤላሩስኛ ሮክ ቡድኖች በስልት ቢለዩም፣ በዚህ ቋንቋ ትልቅ መድረክ መሙላት እንደሚቻል አስቀድሞ ያሳያቸው ኡራል የተወለደው ይህ ሩሲያዊ ነው።

የተመረጡ ሥራዎች

• «ያስ ማገጥ ሲያጭድ» (የሕዝብ ዘፈን፣ ቅንብር በሙልያቪን)
• «ድርጭቷ» (የሕዝብ ዘፈን)
• «አሌክሳንድሪና» (ዜማ ሙልያቪን፣ ግጥም ፔትሩስ ብሮቭካ)
• «የቤሎቬዥ ደን» (ፓህሙቶቫና ዶብሮንራቮቭ)
• «የዕጣ ፈንታ ዘፈን» (1976)
• «ጉስልያር» (1980)
• «የአበባ ጉንጉን» (1991)