የአፈር ግድብ፦ ባለቤቱ አንድ፣ አደጋው የሁሉ



እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ያስቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ይህ መልካም ሥራችን ነው። ነገር ግን ጎረቤት አስቀድሞ ቢመካከርበት ኖሮ ድንኳኑም ባልተተከለ ነበር የሚያሰኝ ሞት አለ። በዘንድሮው መጽሔታችን ከዚህ ዓይነቱ ስለ አንዱ፣ ይኸውም አንድ ሰው ወይም አንድ ኩባንያ ለራሱ ሥራ በሚገድበው የአፈር ግድብ ምክንያት ስለሚደርሰው፣ ከታሪክ ያገኘነውን እናቀርባለን። ብዙዎቻችን በገጠር ዘመድ አለን። ዘመዶቻችንም ለከብት፣ ለመስኖና ለመጠጥ ብለው ውኃ ያቁራሉ። ስለዚህ ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

የአፈር ግድብ አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሸለቆውን በአፈር ክምር መዝጋት ነው። በክምሩ መካከል ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር በደንብ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ በጎኑ ደግሞ ትርፍ ውኃ የሚወጣበት መንገድ ይበጅለታል። ይኼ የትርፍ ውኃ መውጫ ዋናው ነገር ነው። የድንጋይ ግድብ ውኃ በአናቱ ላይ ቢያልፍበት ሊችለው ይችል ይሆናል፤ አፈር ግን ይሸረሸራል፤ መሸርሸር ከጀመረም ማን ያቆመዋል? ሁለተኛው ጠላት በግድቡ ሆድ ውስጥ ሰርጎ የሚያልፍ ውኃ ነው። ጥቂት ንጹሕ ውኃ ቢያዣ ብዙ አያስደነግጥም ይሆናል፤ የሚያዣው ውኃ ከደፈረሰ ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ የምትባል የብረት ሥራ ከተማ አለች። በ19ኛው መቶ ዓመት ሕዝቧ ስለበዛና ውኃ ስላነሳት፣ ውኃ የሚሸጠው የግል ኩባንያ ከከተማዋ በላይ ባለው ሸለቆ ዴል ዳይክ የተባለ የአፈር ግድብ ማሠራት ጀመረ። ሥራው የተጀመረው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። ግድቡ ከፍታው ወደ 29 ሜትር ነበር። ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል፣ ውኃውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ፣ መጋቢት 11 ቀን 1864 እ.ኤ.አ. ወደ ማታ አንድ ሠራተኛ በግድቡ ላይ ሲያልፍ ስንጥቅ አየ። መሐንዲሱ ከከተማ ተጠርቶ በነፋስና በዝናብ ውስጥ መጣ። የውኃውን ከፍታ ለማውረድ ቧንቧዎቹን ከፈቱ፤ የትርፍ ውኃ መውጫውንም በባሩድ ለማፍረስ ሞከሩ። ምን ዋጋ አለው፣ ረፍዷል! ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ሲሆን ግድቡ ተደረመሰ። ሕዝቡ እንደተኛ ጎርፉ ደረሰበትና ወደ 240 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያስተዛዝበው። ለተጎዱት የሚከፈለውን ካሳ እንዲችል ተብሎ ኩባንያው የውኃውን ዋጋ ለ25 ዓመት 25 በመቶ እንዲጨምር በሕግ ተፈቀደለት። ጎርፉ የመታው ሕዝብ ዕዳውንም በቧንቧው ከፈለ ማለት እኮ ነው! የሟቾቹን ጉዳይ የመረመሩት ዳኞች ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥራ ሁሉ መንግሥት እንዲቆጣጠር አሳሰቡ። ሆኖም ቃላቸው ሳይሠራበት ብዙ ዓመት አለፈ። በ1925 እ.ኤ.አ. በዌልስ ዶልጋሮግ በተባለ መንደር ላይ ከላይ ያለው ግድብ ሲያፈስስ ከታች ያለውን የአፈር ግድብ ይዞት ወረደና 16 ሰዎች ሞቱ። ትላልቅ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ሁሉ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ በተፈቀደለት መሐንዲስ እንዲመረመሩ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ከሼፊልዱ ጎርፍ 66 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

ይህ የድሮ ነገር ነው የሚል ካለ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ይመልከት። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ምሽት፣ በናኩሩ አውራጃ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረ የአፈር ግድብ ከብዙ ቀን ዝናብ በኋላ ተደረመሰ። ከበታቹ የነበሩት መንደሮች ተጠርገው ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም ውስጥ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ኋላ ሲጣራ በእርሻው ውስጥ የነበሩት ግድቦች ያለ ፈቃድ የተሠሩ መሆናቸውን የአገሩ የውኃ ባለሥልጣን ገለጸ። እዚህ ላይ እኛ በጽሕፈት ቤት ያረጀን ሰዎች አንድ ነገር እንላለን። ፋይሉ የሌለ ነገር መርማሪ አይኖረውም። ፋይሉ ኖሮ ማንም ወጥቶ ካላየውም ያው ነው።

በሌላ በኩል በአገራችን የሚያኮራ ነገር አለ። በኮንሶ ሕዝቡ የዝናብ ውኃ የሚያቁርበት፣ ሐርዳ የሚባል ኩሬ አለ። ይህ የአንድ ሰው ሀብት አይደለም፤ ሕዝቡ በጋራ ይቆፍረዋል፣ በጋራም ደለሉን ይጠርጋል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እርከኑና ቅጥሩ ብቻ ሳይሆኑ እነዚህ ኩሬዎችም ተቆጥረውለታል። ሐርዳውን የሚጠብቀው ውኃውን የሚጠጣው ሕዝብ ራሱ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለናል።

ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ግድብ ካለ እስቲ ዞር ብላችሁ እዩት። የትርፍ ውኃው መውጫ በደለልና በቅርንጫፍ ተደፍኖ እንደሆነ፣ አናቱ ላይ ስንጥቅ ወይም የሰመጠ ቦታ እንዳለ፣ በእግርጌው የደፈረሰ ውኃ እንደሚወጣ፣ ዛፍ በቅሎበት ወይም አውሬ ጉድጓድ ምሶበት እንደሆነ ተመልከቱ። ከበታቹ ማን እንደሚኖርም ጠይቁ። ባለቤቱ «ግድቡ የኔ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ከበታቹ ያደሩት ልጆች የርሱ አይደሉምና ጎረቤት የመጠየቅ መብት አለው። በክረምት ተራ ገብቶ ማየት፣ ለቀበሌና ለውኃ ባለሙያ ማመልከት ብዙ ወጪ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።