የዘገየው ብርሃን፤ ከቤተ ሙከራ ግኝት እስከ ሞለኪዩል ንድፍ

እሳትም ሆነ የሽቦ አምፖል ብርሃን የሚሰጠው በመጋሉ ነው። ሳይግሉ የሚያበሩ ነገሮች መኖራቸውም ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ፣ ለዓይን የማይታይ ጨረር ተቀብለው የሚታይ ብርሃን የሚመልሱ ነገሮችን ከመረመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1852 ክስተቱን ፍሎረሰንስ ሲል ሰየመው። ይህ ብርሃን ጨረሩ እንደተቋረጠ ወዲያው ይጠፋል። ፎስፎረሰንስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ጨረሩ ከቆመ በኋላም ጥቂት ይቆያል።

የሁለቱ ልዩነት ምክንያት የታወቀው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። የፖላንዱ የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ያብሎንስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ሞለኪዩሉ ብርሃኑን ከመልቀቁ በፊት የሚቆይበት አንድ መካከለኛ የኃይል ደረጃ እንዳለ አመለከተ። አሜሪካውያኑ ጊልበርት ሉዊስና ማይክል ካሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 ይህ ደረጃ ትሪፕሌት የተባለው ሁኔታ መሆኑን ገለጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይል ከተቀበለው ሞለኪዩል ጥንድ ኤሌክትሮኖች አንዱ ከፍ ወዳለ ደረጃ ይነሣል። የሁለቱ ስፒን ተቃራኒ እንደሆነ ከቀጠለ ሁኔታው ሲንግሌት፣ ተመሳሳይ ከሆነ ትሪፕሌት ይባላል። ከሲንግሌት ወደ መነሻው መመለስ የኳንተም ሕግ የማይከለክለው በመሆኑ ብርሃኑ ፈጥኖ ይወጣል፤ ከትሪፕሌት መመለስ ግን በሕጉ የተከለከለ ያህል ስለሆነ እጅግ ይዘገያል።

ትሪፕሌት ከሲንግሌት በኃይል ዝቅ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ ክፍተት ጠባብ ከሆነ፣ ሞለኪዩሉ ከአካባቢው ሙቀት ጥቂት ኃይል ወስዶ ወደ ሲንግሌት ሊመለስና ከዚያ ሊያበራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1961 ፓርከርና ሃቻርድ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ኢዎሲን በተባለው ቀለም ላይ ይህንኑ አጠኑ፤ ብርሃኑም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይበረታ ነበር። ክስተቱ የዘገየ ፍሎረሰንስ ተብሎ በመጻሕፍት ሰፈረ። ለብዙ ዓመታትም ጥቅም ላይ ሳይውል በዚያው ቆየ።

በዚህ መካከል በኤሌክትሪክ አማካይነት ኦርጋኒክ ነገሮችን የማብራት ጥናት በሌላ አቅጣጫ ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በኒው ዮርክ ዩኒቨርስቲ ማርቲን ፖፕና ባልደረቦቹ የአንትራሲን ክሪስታልን በኤሌክትሪክ አበሩ፤ ሆኖም ወደ 400 ቮልት አስፈልጓቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ፣ እጅግ ስስ የሆኑ ሁለት የኦርጋኒክ ንብርብሮችን በማነባበር ከ10 ቮልት በታች የሚያበራ ዳዮድ ሠሩ።

ነገር ግን መሠረታዊ እንቅፋት ነበረበት። በዳዮዱ ውስጥ አሉታዊና አዎንታዊ ሙላቶች ሲገናኙ ስፒናቸው በዘፈቀደ ይጣመራል። ከአራት አንዱ ሲንግሌት፣ ሦስቱ ትሪፕሌት ይሆናሉ። ስለዚህ ተራ ፍሎረሰንት ሞለኪዩል ቢበዛ ከሚጣመሩት 25 በመቶውን ብቻ ወደ ብርሃን ሲለውጥ፣ ቀሪው 75 በመቶ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እ.ኤ.አ. በ1998 የባልዶ፣ የፎረስትና የቶምሰን ቡድን ፕላቲኒየም ያለበትን ሞለኪዩል ተጠቅሞ ከትሪፕሌት ብርሃን አወጣ፤ ከባድ አቶም የስፒኑን ክልከላ ያላላልና። ቀጥሎም ኢሪዲየም በሥራ ላይ ዋለ። ብክነቱ በዚህ ተቃለለ። ሆኖም ኢሪዲየም በምድር ቅርፊት ውስጥ እጅግ ጥቂት ከሚገኙት ብረቶች አንዱ ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተረስቶ የቆየው እውቀት የተፈለገው በዚህ ጊዜ ነው። በጃፓን የኪዩሹ ዩኒቨርስቲው ቺሃያ አዳቺና ባልደረቦቹ፣ ከባድ ብረት ሳያስፈልግ ትሪፕሌቱን በሙቀት ወደ ሲንግሌት ለመመለስ አሰቡ። ለዚህም ክፍተቱን ማጥበብ ያሻል። ክፍተቱ የሚሰፋው ኤሌክትሮኑ የሚነሣበትና የሚያርፍበት የሞለኪዩሉ ክፍል ሲደራረቡ ነው። በመሆኑም ኤሌክትሮን ሰጪና ኤሌክትሮን ተቀባይ ክፍሎችን በአንድ ሞለኪዩል ውስጥ አገናኝቶ በመካከላቸው ጥምዝ ማበጀት መደራረቡን ይቀንሳል። ነገር ግን ፈጽሞ ከተለያዩ ብርሃን የማውጣት ኃይሉ ይዳከማል። የንድፉ ጥበብ እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች መካከል ሚዛን መጠበቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ቡድኑ ሁለት የሳያኖ ቡድኖች ባሉት ቤንዚን ላይ አራት ካርባዞሎችን አያያዘ። ካርባዞሎቹ በቦታ ጥበት ምክንያት ከቤንዚኑ ገጽ ይጠመዘዛሉ፤ የተፈለገው ጥምዝ በዚህ ተገኘ። ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን ብቻ የተሠራው ይህ አረንጓዴ ብርሃን ሰጪ ከ19 በመቶ በላይ የውጭ ብቃት አስመዘገበ። ከሚፈጠረው ብርሃን አብዛኛው በዳዮዱ ውስጥ ታፍኖ ስለሚቀር፣ ይህ ውጤት ትሪፕሌቶቹም ጭምር ወደ ብርሃን መለወጣቸውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ታኩጂ ሃታኬያማና ባልደረቦቹ ቦሮንና ናይትሮጅንን በጠፍጣፋ ሞለኪዩል ውስጥ አቀናጅተው ጥርት ያለ ሰማያዊ ብርሃን አገኙ። ይሁንና ሰማያዊው ብርሃን ከፍተኛ ኃይል ስላለውና ትሪፕሌቶቹም ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ሞለኪዩሎቹ ቶሎ ይጎዳሉ። ይህ ችግር ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

ከ1961 እስከ 2012 ድረስ 51 ዓመታት አልፈዋል። ኢዎሲንን ያጠኑት ተመራማሪዎች ስለ ዳዮድ አላሰቡም፤ ዳዮዱን የፈለሰፉትም ሥራቸውን በዘገየ ፍሎረሰንስ ላይ አልመሠረቱም። ሁለቱን ያገናኘው በመጻሕፍት ተጠብቆ የቆየው እውቀትና እሱን አንብቦ ለአዲስ ጥያቄ ያዋለ ትውልድ ነው። የአንድን ጥናት ዋጋ በቅርብ ጥቅሙ ብቻ የሚመዝን ዕቅድ ይህን የመሰለውን እውቀት ከጅምሩ በሰረዘው ነበር። የስፒንን ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ቀመር አድርጎ የሚያቀርብ የትምህርት ክፍለ ጊዜም፣ ከአራት ሦስቱ እጅ ኃይል የት እንደሚባክን የሚጠይቅ ተማሪ ለማፍራት ይቸገራል።