ዓመቱ ሁለት ጠዋት ነው

እንግዲህ ስሙኝ። የምተርክላችሁ ባንዲራ ለብሶ በቴሌቪዥን ስላያችሁት ጀግና አይደለም። ሰባተኛ ስለሚወጣው ነው። የማራቶን ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሥራውን ጨርሶ ከመንገድ ስለሚወጣው አሯሯጭ ነው። ስም አልጠራም፤ ከወሎዎቹ ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከለጋምቦና ከተንታ የወጡ ብዙ ልጆች የሚያልፉበት መንገድ ስለሆነ በአንድ ልጅ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ልጁ የመካነ ሰላም ልጅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ ወገን ምድሩ እየተሰበረ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በሌላው ጭላዳ የሚግጥበት የቦረና ሳይንት ፓርክ አለ። እንዲህ ያለ ደጋ ላይ ያደገ ልጅ ደሙ በሳሳ አየር ኦክስጅን መሸከም ለምዷል። ታዲያ ይህ ብቻውን ምን ያደርግለታል? አጠገቡ የሚሮጠው የአርሲ ልጅም፣ የጎጃም ልጅም ያንኑ አየር ስቦ ነው ያደገው። ደጋው ከእንግሊዙ ይለየው ይሆናል እንጂ ከወንድሙ አይለየውም።

ተንታ ላይ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አለ፤ እዚያ ቦታ ያገኘ ዕድለኛ ነው። የኛ ልጅ አላገኘም። በሶውን ቋጥሮ፣ በአቀስታ አድርጎ፣ የጉጉፍቱን ውርጭ አልፎ ደሴ ገባ፤ ከደሴ አዲስ አበባ። እናቱ ሲሸኙት ያሉት አንድ ቃል ነው፦ «አብሽር።»

አሁን ለገጣፎ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ቡድኑን የሚጭነው መኪና ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ኮፍያውን ዐይኑ ላይ ደፍቶ ያንቀላፋል፤ ሰንዳፋ ሲደርሱ ገና አልነጋም። ከዚያ 35 ኪሎ ሜትር አስፋልት። አሠልጣኙ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ ሰዓቱን እያየ «ሦስት ከዐሥር! ሦስት ከዐሥር!» ይላል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በሦስት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ማለቱ ነው። ሃያ ስምንተኛው ላይ የልጁ ትከሻ መነሣት ይጀምራል። ትከሻ ሲነሣ አሠልጣኝ ያውቃል፤ እግር ገና ሳይናገር ትከሻ ይናገራል። «ትከሻህን ጣል!» ይለዋል። «እሺ ኮች» ለማለት እንኳ ትንፋሽ የለም። ከጎኑ የሚሮጠው የአቀስታ ልጅ ነው ውኃውን የሚያቀብለው።

እዚህ ላይ ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። አሜሪካኖች ኮርን ፌሪ ቱር የሚሉት የጎልፍ ውድድር አላቸው፤ እ.አ.አ በ1990 በሌላ ስም የተጀመረ፣ ከዋናው ፒጂኤ ቱር በታች ያለ የባለሙያዎች ደረጃ ነው። አንድ ውድድር አራት ቀን ይፈጃል። ሁለት ቀን ተጫውቶ ከማለፊያው መስመር ውጭ የቀረ ተጫዋች ግን ሳንቲም ሳያገኝ ሻንጣውን ይሸከማል፤ ሆቴሉንም የከፈለው ራሱ ነው። ይህን ስሰማ የኛዎቹ ልጆች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ግን አንድ ልዩነት አለ፤ እሱ ነው አንጀቴን የሚበላው። ጎልፈኛው ዛሬ ቢወድቅ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ከተማ ሄዶ ይሞክራል። ማራቶን እንዲህ አይደለም። ሰውነት በዓመት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚፈቅደው። የቤት ኪራዩ፣ ምግቡ፣ ጫማው፣ ለእናት የሚላከው ሁሉ ሁለት ጠዋት ላይ ተንጠልጥሏል። አንደኛው ጠዋት ሆድ ቢያመው ግማሹ ዓመት ሄደ።

ፉክክሩስ? ጥር 18 ቀን 2010 ዓ.ም. የተሮጠውን የዱባይ ማራቶን አስታውሱ። ሞስነት ገረመው በ2:04:00 አሸነፈ። ከሱ ኋላ ልዑል ገብረሥላሴ፣ ታምራት ቶላ፣ አሰፋ መንግስቱ፣ ሲሳይ ለማ፣ ብርሃኑ ለገሠ፣ ሰይፉ ቱራ ተከታትለው ገቡ። ሰባት ሰው፣ ሰባቱም ኢትዮጵያዊ፣ ሰባቱም ከ2:05 በታች! ሦስተኛው በኋላ ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። አምስተኛው ለንደንንና ቦስተንን አሸነፈ። ስድስተኛው ቶኪዮን ሁለት ጊዜ፣ ሰባተኛው ቺካጎን። ሰባተኛው እንዲህ ከሆነ 2:09 የሚሮጠው የመካነ ሰላም ልጅ በየትኛው በር ይግባ? እርግጥ ዱባይ በር ከፍታ ታውቃለች፤ እ.አ.አ በ2014 ፀጋዬ መኮንን በ18 ዓመቱ አሸንፎ 200,000 ዶላር ወስዷል። ልጁ ይህን ወሬ በቃሉ ያውቀዋል። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያስነሣውም እሱ ነው።

የሱ ውድድሮች ግን ሌላ ናቸው፦ የቻይና፣ የቱርክ፣ የፈረንሳይ ትናንሽ ከተሞች። ማናጀሩ በስልክ መልእክት ይልካል፤ ቲኬትና ሆቴል አለ፣ ለመሳተፉ የሚከፈለው ግን የለም። ከዚያ ቪዛ። ከዚያ ጫማ። ትዕግስት አሰፋ እ.አ.አ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ 500 ዶላር የሚሸጥ ነበር። ለታዋቂ አትሌት ኩባንያው ይሰጣል፤ የኛ ልጅ ጓደኛው ሁለት ውድድር የሮጠበትን ገዛ።

የመጀመሪያው ጠዋት ጥቅምት ላይ መጣ። እስከ ሠላሳ አምስት ከመሪዎቹ ጋር ነበር፤ ከዚያ ባቱ ተያዘ። ሽልማቱ እስከ ስምንተኛ ነው፤ እሱ ዐሥራ አንደኛ ገባ። ማታ እናቱ ሲደውሉ «ደኅና ነኝ እማዬ፣ ጨረስኩ» አላቸው። «ጨረስክ? አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ለሳቸው መጨረስ ትልቅ ነገር ነው፤ እውነታቸውንም ነው።

ጥርና የካቲት አሯሯጭነት አገኘ። ይህን ሥራ የሚንቅ ሰው ስሰማ እናደዳለሁ። ነፋሱን በደረቱ እየገፋ፣ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በታዘዘው ሰዓት እያደረሰ ሌላውን ለክብረ ወሰን ያዘጋጃል፤ ስሙ ግን ውጤት ዝርዝር ላይ «አቋረጠ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ይሁን እንጂ ክፍያው የተስማሙበት ስለሆነ ያን በጋ ኪራዩን የከፈለው ይኸው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጠዋት ሚያዝያ ላይ ነበር። ዝናብ ያካፋል። በሃያ አንደኛው አንዱ ኬንያዊ ሲፈተለክ አልተከተለም፤ ጥቅምት ላይ ተከትሎ ነበርና። በሠላሳ ስምንተኛው ትከሻውን ጥሎ አንድ በአንድ አለፋቸው፤ ሦስተኛ ሆነ። ገንዘቡ ያኔውኑ አልመጣም። መጀመሪያ የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት ይጠበቃል፤ ወራት ይፈጃል። ከዚያ የዚያ አገር ግብር፣ ከዚያ የማናጀሩ ከመቶ 15። የቀረው ሲደርሰው የጓደኞቹን ብድር ከፈለ፣ ለቤት ላከ፣ አዲስ ጫማ ገዛ።

እኔ የምለው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፣ መካነ ሰላምም ላይ፣ እውነተኛ ሽልማት ያለው የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በየጊዜው ቢኖር ይህ ልጅ ዓመቱን በሁለት ጠዋት ላይ አይሰቅልም ነበር። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2001 አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ ዛሬ አስፋልቱ አይበቃውም። ወሎስ መንገድ አጣ? ሯጭ አጣ?

ልጁ አሁን እንጦጦ ጭቃ ላይ ነው። ለጥቅምት ቻይና ተመዝግቧል፤ ሽልማቱ እስከ ዐሥረኛ ነው።