ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ የእንጨቱ? (የሄድ ስኪ ታሪክ)

ሰሞኑን ዴንቨርና ሚኒያፖሊስ ያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ልጆቹ ስኪ ካልተማርን አሉ፣ የቱን እንግዛላቸው?» የፊዚክስ መምህር ስለ ስኪ ይጠየቃል ወይ እንዳትሉ፣ ነገሩ ፊዚክስ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ሰውዬው ሃዋርድ ሄድ ይባላል። ስኪና የቴኒስ ራኬት ላይ የምታዩት «ሄድ» የሚለው ስም የሱ ነው። ባልቲሞር በሚገኘው የግሌን ማርቲን አውሮፕላን ፋብሪካ ኢንጂነር ነበር። በ1947 ቬርሞንት ውስጥ ስቶው ወደሚባል ቦታ ስኪ ሊሞክር ወጣ። አልሆነለትም። ያኔ ስኪ ማለት ሂኮሪ ከሚባል እንጨት የተጠረበ ረጅምና ከባድ ሳንቃ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ይጣመማል፣ ጠርዙ ላይ በብሎን የተያዘው ብረትም ይላቀቃል። ሌላው ሰው ሲወድቅ «እኔ አልረባም» ይላል። ሄድ ግን ጥፋቱ የእንጨቱ ነው አለ።

ትዕቢት ይመስላል አይደል? ግን ምክንያት ነበረው። ቀላል ነገር በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎች መሃል ሲጣበቅ ቀላልም ጠንካራም እንደሚሆን ከአውሮፕላን ሥራው ያውቃል። ሳንድዊች በሉት። በ1948 ሥራውን ለቀቀና ስኪ መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጥንዶች ስቶው ወስዶ ለአሠልጣኞች አስሞከረ። ስድስቱም ተሰበሩ!

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሰበብ ፈላጊ ብለን እንስቅበት ነበር። እሱ ግን ሦስት የበረዶ ወቅት ሙሉ ሲሰበር እየጠገነ፣ ሲሳሳ እያጠነከረ ቆየ። መሃሉን ፕላይዉድ፣ ጠርዙን ብረት፣ ሥሩን በረዶ የማይጣበቅበት ፕላስቲክ አደረገው። በ1950 «ሄድ ስታንዳርድ» ገበያ ወጣ። በቀላሉ ስለሚታጠፍ «አጭበርባሪው ስኪ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ሲያፌዙበት የነበሩትም ገዙት። ኋላ ፋይበርግላስ መጥቶ ሌሎች ፋብሪካዎች ሲቀድሙት፣ በ1969 ድርጅቱን ኤ.ኤም.ኤፍ. ለተባለ ኩባንያ በ16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠው።

ጡረታ ወጥቶ ቴኒስ ጀመረ። አሁንም አልሆነለትም። አሁንም ራኬቱን ወቀሰ! በ1976 ለሰፊው ራኬት ፓተንት አገኘ። ዛሬ የምታዩት ሰፊ ራኬት ሁሉ የዚያ ዘር ነው።

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ።

ቁመት፦ ለጀማሪ ስኪው ሲቆም አገጩና አፍንጫው መካከል ቢደርስ ይበቃል። የድሮው ስኪ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። በ1993 የስሎቬኒያው ኤላን ወገቡ የቀጠነ ስኪ ካወጣ ወዲህ ግን አጭሩም በደንብ ይታጠፋል።

ቁጥሮቹ፦ ስኪው ላይ ሦስት ቁጥሮች ታያላችሁ፤ የፊቱ፣ የወገቡና የኋላው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ለተደለደለ በረዶ ወገቡ ከ70 እስከ 85 ቢሆን ጥሩ ነው። ከ100 በላይ ለጥልቅ በረዶ ነው። ራዲየስ የሚለው ቁጥር ሲያንስ ጠበብ አድርጎ ይታጠፋል።

ልስላሴ፦ የውድድር ስኪ ቀላል ልጅ ሲቆምበት አይጎብጥም፤ ካልጎበጠ ደግሞ አይታጠፍም። ስሙን አይታችሁ አትግዙ።

ጫማና ማሰሪያ፦ ዋናው ይሄ ነው። እኛ ሐበሾች «ያድግበታል» ብለን ሰፊ ጫማ መግዛት እንወዳለን። ለትምህርት ቤት ጫማ ይሁን፤ ለስኪ ጫማ ግን አይሆንም! እግሩ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ስኪውን ማዘዝ አይችልም። ማሰሪያውም ልጁ ሲወድቅ እንዲፈታ በክብደቱ፣ በቁመቱ፣ በዕድሜው፣ በችሎታውና በጫማው ርዝመት ይስተካከላል። በጣም ከጠበቀ አይፈታም፣ እግር ይሰብራል። ባለሙያው ያስተካክለው፣ እናንተ አትንኩት። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ደግሞ ከመግዛት ለወቅቱ መከራየት ይሻላል።

በነገራችን ላይ የኛው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ የተወዳደረበት ሌላ ዓይነት ስኪ ነው፤ ቀጭን፣ ተረከዙ የማይታሰር የሜዳ ስኪ። ሱቅ ስትገቡ ለይታችሁ ጠይቁ።

ስንቱ ልጅ ነው ጥቁር ሰሌዳው ሳይታየው «ሰነፍ» የተባለው? መነጽር ሲደረግለት አንደኛ ይወጣል። በረዶውም ላይ እንደዚያው ነው። ልጃችሁ ደጋግሞ ከወደቀ «አትችልም» ከማለታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እግሩ ሥር ያለውን እዩ። ልኩ ከሆነ ደግሞ ሄድ ስድስቱም ከተሰበሩበት በኋላ ስንት ወቅት እንደሠራ ንገሩት።

መልካም የበረዶ ወቅት ይሁንላችሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ሌላውም ይማርበት።