የፀጉር መርገፍ

የፀጉር መርገፍ ፀጉር ከተለመደው በላይ ሲነቀል፣ ሲሳሳ ወይም ቦታው ጭርሱን ሲመለጥ የሚታይ ችግር ነው። በሕክምናው አሎፔሲያ ይባላል። አንዳንዴ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ (የእንቅርት) ዕጢ መዛባት ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ነው። ሐኪሞች ጠባሳ የማይተውና ጠባሳ የሚተው ብለው በሁለት ይከፍሉታል። በመጀመሪያው የፀጉሩ ሥር በሕይወት ስላለ ፀጉሩ ተመልሶ የመብቀል ዕድል አለው፤ በሁለተኛው ግን ሥሩ ስለሚጠፋ አይመለስም።

የፀጉር ዑደት

በአዋቂ ሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ። እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ለጥቂት ሳምንታት እድገቱን ያቆማል፣ 3 ወር ገደማ ካረፈ በኋላ ለአዲሱ ቦታ ለቆ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ ጤናማ ነው። ጥምዝምዝ ፀጉር በየመታጠፊያው በቀላሉ ስለሚሰበር የተሰበረውን ከረገፈው መለየት ያስፈልጋል። ከሥሩ የወጣ ፀጉር በአንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ጉብታ ይታያል፤ የተሰበረው የለውም።

በዘር የሚመጣ መመለጥ

በወንዶችም በሴቶችም በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ከቴስቶስትሮን የሚገኘው ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን በዘር የተጋለጡትን የፀጉር ሥሮች ቀስ በቀስ ያኮስሳቸዋል። በወንዶች ከግንባር ግራና ቀኝ ይጀምርና አናት ላይ ይደርሳል፤ ደረጃው ተመራማሪው ሃሚልተን በ1951 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አውጥቶት ሐኪሙ ኖርውድ በ1975 ባሻሻለው መለኪያ ይታያል። በሴቶች የግንባሩ መስመር ሳይሸሽ የመሃል ክፍያው እየሰፋ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ሉድቪግ በ1977 በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ራሰ በራነት ከእናት ወገን ብቻ ይወረሳል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የሁለቱም ወላጆች ዘር ድርሻ አለው።

ከሕመምና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መርገፍ

ከወሊድ፣ ከታይፎይድ፣ ከወባ፣ ከቀዶ ሕክምና፣ ከከባድ ሐዘን ወይም ከፈጣን ክብደት መቀነስ 2 ወይም 3 ወር በኋላ ፀጉር በጭብጥ ሊረግፍ ይችላል። ሕመሙ ካለፈ ሰንብቶ ስለሚመጣ ብዙዎች በቅርቡ በቀየሩት ሻምፑ ያሳብባሉ። መንስኤው ከተወገደ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይቆማል። የብረት ማዕድን እጥረትና የታይሮይድ መዛባት ግን ካልታከሙ ያራዝሙታል።

ላሽና ቆረቆር

ላሽ የሰውነት መከላከያ የገዛ ፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ራስ ወይም ጢም ላይ እንደ ሳንቲም ክብና ልሙጥ ሆኖ ይታያል፤ አይላላጥም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ለጠነከረው ባሪሲቲኒብ የተባለ እንክብል በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ቆረቆር ደግሞ ፈንገስ ነው፤ ይላላጣል፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩንም ከሥሩ አጠገብ ይሰብራል። በማበጠሪያና በመላጫ መዋዋስ ስለሚተላለፍ በተማሪ ልጆች ላይ ይበረታል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው። ቅባት ብቻውን ሥሩ ድረስ ስለማይዘልቅ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ግሪሲዮፉልቪን፣ ያስፈልገዋል።

የጉተታ መርገፍ

ይህ ከፀጉር አሠራር የሚመጣ ነው። ለምሳሌ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱምና በአካባቢዋ ሙሻጥ የሚባለው የሱዳን ሹሩባ የቆየ ባህል ነው፤ ማሻጣ የምትባለው ሴት ለሰዓታት ተቀምጣ እጅግ ቀጫጭን ጉንጉኖችን ትሠራለች። ካርካር የሚባለው፣ ከሰሊጥ ዘይትና ከከብት ስብ የሚዘጋጀው መዓዛማ ቅባትም አብሮት ይሄዳል፤ በሐበሻ ቤት ለጋ ቅቤ እንደሚቀባው ማለት ነው። ቅባቱ ፀጉሩን ያለሰልሳል እንጂ ጉተታውን አያስቀርም። ችግሩ የሚጀምረው ሹሩባው ሲጠብቅ፣ በላዩም ከባድ ሂውማን ሄር ሲታከልበት ነው። ሥሩ ዙሪያ የሚወጡ ትንንሽ ብጉሮችና ሌሊቱን የሚያስጨንቅ የራስ ቆዳ ሕመም የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። ከዚያ የግንባሩና የጆሮ ግንዱ ጠርዝ ይሳሳል፤ ዳር ላይ ግን ለጉንጉን የማይደርሱ ቀጫጭን ፀጉሮች በረድፍ ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ አሠራሩ ቢላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ሪላክሰር በሚባለው ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል በተዳከመ ፀጉር ላይ አደጋው ይጨምራል።

ከጉተታ ሌላ ማቅለሚያም ፀጉርን ሊጎዳ ይችላል፤ በሱዳን ሂናን በፍጥነት ለማጥቆር ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ ኬሚካል ይቀላቀላል። ራስ ላይ ሲደረግ ቆዳን አስቆጥቶና አሳብጦ ፀጉርን ሊያረግፍ ይችላል። ከተዋጠ ግን ጉሮሮን ያሳብጣል፣ ኩላሊትንም ያቆማል፤ የካርቱም ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ዘግበውታል።

ጠባሳ የሚተዉ ዓይነቶች

ከአናት መሃል ተነሥቶ ወደ ዙሪያው የሚሰፋው መመለጥ በጥቁር ሴቶች ላይ ይበዛል፤ በ2019 የወጣ ጥናት ፓዲ3 ከተባለው ጂን ጋር አያይዞታል። የቆዳ ሉፐስም ጠባሳ ይተዋል። ጥግት አድርገው በሚላጩ ወንዶች ማጅራት ላይ የሚወጣው ጠንካራ እባጭም እንዲሁ ነው።

ምርመራና ሕክምና

ሐኪሙ መርገፉ የጀመረበትን ጊዜና ቦታ ይጠይቃል፣ ፀጉሩን ቀስ ብሎ ይጎትታል፣ እንደ አስፈላጊነቱም የደም፣ የፈንገስ ወይም የቆዳ ናሙና ያዛል። የቅንድብ ዳር መርገፍ የታይሮይድ ችግርን ወይም የሥጋ ደዌን ሊያመለክት ይችላል። በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕክምና በ1965 የተቋቋመው አለርት ዛሬ የቆዳ ሕክምና ማዕከልም ነው።

ለዘር መመለጥ የሚቀባ ሚኖክሲዲል ከ1988 ጀምሮ፣ ፊናስተራይድ ደግሞ ለወንዶች ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ሁለቱም ውጤታቸው ለመታየት ወራት ይፈጃል፤ ሲቋረጡም ፀጉሩ ዳግም ይሳሳል። ፊናስተራይድ የወንድ ፅንስን ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር ሴት አትወስደውም። ጠባሳ በሚተዉት ዓይነቶች ግን የጠፋው ፀጉር አይመለስም፤ ሕክምናቸው የቀረውን ለማትረፍ ነውና ሕመም፣ ብጉር ወይም የሚያንጸባርቅ ልሙጥ ቆዳ እንደታየ ሳይዘገዩ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።