ጅብን በሁዳዴ መቁጠር፦ በየካና በእንጦጦ የዱር እንስሳት ክትትል ላይ የቀረበ ሙግት

ከወሰን ሰፈር በላይ ስላለው የየካ ደንና ስለ እንጦጦ ሰንሰለት የዱር እንስሳት ሲጻፍ መነሻው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ ሮናልድ ሆርቫት እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ አዲስ አበባ የባሕር ዛፍ ደን ጻፈ፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1996 እንጦጦን ለአዕዋፍ ጠቃሚ ከሆኑ 69 ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ መዘገበ። ከእነዚህ ጋር ጠብ ስለሌለኝ አልዘገይባቸውም።

ጠቤ ከጅብ ቆጠራ ጋር ነው። በአዲስ አበባ ስንት ጅብ አለ ለሚለው ጥያቄ መገናኛ ብዙኃን ከ300 እስከ 1,000 የሚል ግምት ሲቀባበሉ ኖረዋል። ዝቅተኛውና ከፍተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ የሚራራቁበት ቁጥር ለጥበቃም ሆነ ለቁጥጥር መሠረት አይሆንም። መድኃኒቱ ምንድን ነው ሲባል ባለሙያው የሚጠቁመው አንድ ዘዴ አለ፤ ሚልስ፣ ጁሪትዝና ዙኪኒ እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ያበጁት በድምፅ ጠርቶ የመቁጠር ስልት። በተመረጡ ነጥቦች ላይ ሌሊት ድምፅ ማጉያ ይቆማል፤ የጅቦች ጩኸትና ጭንቅ ላይ ያለ እንስሳ ድምፅ ይለቀቃል፤ የመጣው ይቆጠራል። ሰምቶ የቀረውም በስሌት ይካተታል። ሦስቱ ምሁራን ያሰቡት ትልቁ ነገር ይህ የመጨረሻው ነበር፤ አስተዋጽኦአቸውንም አልክድም።

ነገር ግን ስሌቱ ጥሪውን ሰምቶ የሚመጣው ጅብ ድርሻ ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም ብሎ ይነሳል። የዚህ እሳቤ ሥር ወደ ኋላ፣ ጅብን በዋናነት አዳኝ አድርጎ ወደሚያይ ግንዛቤ ይሄዳል። ሃንስ ክሩክ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፉ የንጎሮንጎሮና የሴሬንጌቲ ጅብ ጥንብ ለቃሚ ሳይሆን አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ የሚበላ፣ በመንጋ ተደራጅቶ ግዛቱን የሚያስከብር አዳኝ መሆኑን አሳየ። ለጅብ ስም ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ለየካ ጅብ ግን ልክ ያልሆነ ልብስ ሆነበት። የየካ ጅብ የሚበላው በቄራው፣ በሥጋ ቤቱ፣ በሾላና በካራ የከብት ገበያ ዙሪያ የሚተርፈውን ነው፤ የምግቡን መጠን የሚወስነውም ዝናቡና ሣሩ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ነው።

ለዚህ ምስክሬ ቸል የተባለ ጥናት ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ሥራ በትግራይ 553 የጅብ ዓይነ ምድር ናሙና መረመሩ። ጅብ አጥንት ስለሚቆረጥም ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ይነጣል፤ ያልተፈጨው ፀጉር ግን እንዳለ ይወጣል። ፀጉሩ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከታወቁ የቤት እንስሳት ፀጉር ጋር በማይክሮስኮፕ ይመሳከራል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት መጀመሪያ የአህያ ፀጉር የተገኘው በ14.8 በመቶው ናሙና ነበር፤ በጾሙ መጨረሻ 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ 55 ቀን በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ጅቡ ወደ አህያ ዞረ ማለት ነው። ጥናቱ የጅብን ተለማጭነት ለማሳየት ሲጠቀስ ይኖራል፤ ለቆጠራ ያለውን አደገኛ ትርጉም ያነሳ ግን አላገኘሁም።

የትግራይን ውጤት እንዳለ ወደ የካ ማሸጋገር ጥንቃቄ ይሻል። ይህን ካልኩ ዘንድ፣ ነገሩ በአዲስ አበባ ይብሳል እንጂ አይቀልም እላለሁ፤ ከተማዋ የምትጥለው የከብት ተረፈ ሥጋ ከገጠር ይልቅ ብዙ ነውና፣ ሲቋረጥም ጉድለቱ በዚያው መጠን ይሰፋል። የተራበ ጅብ ለድምፅ ማጉያው ፈጥኖ ይመጣል፤ የጠገበው ተኝቶ ይሰማል። (በሁዳዴ ከየአጥቢያው ሌሊቱን የሚሰማውን የቅዳሴና የማኅሌት ማጉያ ለጊዜው እንተወው፤ ክሩገር ይህ ችግር የለበትም።)

አንድ አጥኚ በየዓመቱ ከሚያዝያ 15 እስከ 20 በዋሻ ሚካኤል አካባቢ ጅብ ይቁጠር እንበል። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ፤ ቆጠራው የሚያርፈው በፍስክ ላይ ነው። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፤ ቆጠራው ሁዳዴ ውስጥ ገባ። በ2017 ሚያዝያ 12 ሆነና ቆጠራው ወደ ፍስክ ተመለሰ። አንድም ጅብ ሳይወለድና ሳይሞት የ2016ቱ ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ «የጅብ ቁጥር አሽቆለቆለ» የሚል ዘገባ ይጻፋል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 እየተመላለሰ ስለሚውል፣ የወር ቀን ይዞ የሚቆጥር ሁሉ በዚህ ወጥመድ ይገባል።

ሁዳዴ በበጋ ስለሚውል አህያው የሚያልቀው በግጦሽ እጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። የሦስተኛው ዙር ናሙና መልስ ነው፤ ከፋሲካ 55 ቀን በኋላ ክረምቱ ገና አልጠነከረም፣ የአህያው ድርሻ ግን ቀንሷል። ከተማው ሁሉ አይጾምም የሚለውም አያሳስበኝም። ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ በሁዳዴ ሥጋ ይበላል፣ እውነት ነው፤ የሚዘጋው ሥጋ ቤት ግን ጥቂት አይደለም። ዓረፋም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም የቆጠራው መርሐ ግብር ውስጥ ሊገባ ይገባዋል፤ ይህ ሐሳቤን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም።

መውጫው በጾምም በፍስክም ደጋግሞ መቁጠር ነው። ይህ በአገራችን የማይቻል ነው የሚሉ ሰዎችን ኢቫን ቢውችሊና ባልደረቦቹ አስቀድመው መልሰውላቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ቄራዎች እየተመላለሱ ጥንብ አንሳ ቆጠሩ፤ አሞራው ሲመናመን ውሻው ከእጥፍ በላይ መጨመሩን ያወቁት በዚያ ድግግሞሽ ነው። ውሻ ደግሞ የጅቡ የምግብ ተሻሚ ነው፤ በየካ ነጥቦች ላይ ከጅቡ ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት።

የሚቀጥለው ዓመት ለዚህ ይመቻል። በ2019 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። የመጀመሪያው ዙር የካቲት አጋማሽ፣ ሁለተኛው በሰሙነ ሕማማት፣ ሦስተኛው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ አራተኛው በፍልሰታ ይሁን፤ ነጥቦቹም ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እስከ ካራ ተመሳሳይ ሆነው ይቆዩ። በእያንዳንዱ ዙር ድምፅ ማጉያው ከመከፈቱ በፊት ዓይነ ምድሩ ተሰብስቦ ፀጉሩ ይለይ። የአህያው ድርሻ በጾሙ ካልጨመረ ሙግቴ በየካ አይሠራም፤ ክሩገሮቹም ትክክል ናቸው።